በሐይቆች መካከል የያዝኩት መርዶ

ከካናዳ ከተመለስን ወዲህ «እሺ፣ አገሩ እንዴት ነው?» ብሎ ያልጠየቀኝ የአሰላ ሰው የለም። ገበያ ላይ ይጠይቁኛል፤ ከጸሎት ቤት ስወጣ ይጠይቁኛል፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ «ቲቸር» ማለት ያልተዉት የድሮ ተማሪዎቼ ባጃጅ አቁመው ይጠይቁኛል። እኔም «ቆንጆ ነው፣ ግን ይበርዳል» ብዬ አልፋለሁ። ከዚያ በላይ ከተናገርኩ እንባዬ ይቀድመኛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ፤ የጠየቀኝም ሁሉ ያንብበው።

መንገደኞቹ ሁለት ነን። እኔ አስካለ፣ ለሠላሳ ዓመት የአንደኛ ደረጃ ልጆችን እንግሊዝኛ ያስተማርኩ፤ ባለቤቴ ገመቹ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የአርሲን ስንዴ በጭነት መኪና ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር። ልጃችን ሲፈን ቶሮንቶ የምትኖር ናት። በተጋባን በአርባኛው ዓመት ቲኬት ልካ ወሰደችን፤ ያም አልበቃ ብሏት ለአምስት ቀን ሞተርሆም ተከራየችልን። ሞተርሆም ማለት ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ቁም ሳጥን፣ ሽንት ቤት ሳይቀር ያለው መኪና ነው። «አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጭነት ሲነዳ ኖሯል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ለራሱ ይንዳ» አለች። እሷ ሥራ ስላለባት አብራን አልመጣችም።

አንድ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ላስተዋውቃችሁ። የገመቹ ታላቅ እህት እትዬ ጫልቱ ሲሬ ነበር የምትኖረው። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ድክ ድክ ሲል ስለነበር አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ገመቹ በዓለም ላይ የሚፈራው ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። ከሰማንያ ያለፈች ብትሆንም ጸሎት ቤት በእግሯ ትሄድ ነበር። ከመነሳታችን በፊት ሲሬ ሄዶ ሦስት ቀን ተቀምጦ ተሰናብቷት መጣ።

ሰኞ

ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን ወጣን። ሲፈን ከመነሳታችን በፊት ደጋግማ የነገረችን አንድ ነገር ነው፤ «መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት የቁም ሳጥኖቹን መቆለፊያ ሁሉ እዩ።» ገመቹ «እሺ እሺ» ይላል እንጂ ጆሮው ሞተሩ ላይ ነው። መኪናው ማርሽ በራሱ የሚቀይር ስለሆነ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ስትፈልግ ዋለች። ባጣች ቁጥር ወለሉን ትረግጣለች። «ይቺ እግር ጡረታ መውጣቷን ማን ይንገራት?» እያለ ይስቃል።

መንገዱን ልንገራችሁ ብል አትወዱኝም። ጉድጓድ የለም፣ ጋሪ የለም፣ አህያ የለም፣ ድንገት የሚሻገር በግ የለም። ከአዳማ እስከ አሰላ ያለውን ያህል ነድተን አንድ ሰው በእግሩ ሲሄድ አላየንም። ገመቹ ግን ኩርባ በደረሰ ቁጥር፣ በእኛ አገር ልማድ፣ ከወዲያ ለሚመጣው ለማስታወቅ ጡሩምባ ይነፋል። እዚያ አገር ጡሩምባ ስድብ ነው አሉ። አንዱ ሰውዬ መስኮቱን አውርዶ በቁጣ ምን እንዳጠፋ ጠየቀው። ገመቹ ሰላምታ መስሎት ደህና ነኝ ብሎ እጁን አነሳለት።

ዛፎቹ ያን ሰሞን ቀይና ቢጫ ሆነው ነበር። ሰው ከሩቅ አገር ይህን ለማየት ይመጣል አሉን። ገመቹ ግን አዘነላቸው። በእኛ ዘንድ በጥቅምት ስንዴው ነው ቢጫ የሚሆነው፤ ዛፍ ቅጠሉን ካራገፈ ዝናብ ጠፍቷል ማለት ነው።

እኩለ ቀን ላይ መንገድ ዳር ቆመን ምሳ ስንበላ ወደ ሲሬ ደወለ። እዚያ መሽቷል። ስልኩን ክፍት አድርጎ ስለያዘው እኔም ሰማሁ። እትዬ ጫልቱ ትንሽ ትስላለች። መኪናው ቤት እንዳለው ሲነግራት በኦሮምኛ፣ «ቤትህን ይዘህ ከሄድክማ ምን ብለህ ትመለሳለህ?» አለችው። ትን እስኪለው ሳቀ።

የመጀመሪያውን ሌሊት አንድ ትንሽ ሐይቅ ዳር አደርን። ሲፈን ያስያዘችልን እንጀራና ሽሮ ነበር። መብራቱንና ውሃውን ከመኪናው ጋር የምናገናኝበት ቦታ ጠፍቶን ስንዞር አንዲት ወጣት ሴት እራቷን ትታ መጥታ አገናኘችልን። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ሄደች።

ማክሰኞ

ጠዋት ገመቹ ሐይቁን ልየው ብሎ ወረደ። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። የእትዬ ጫልቱ ልጅ ቶሎሳ ነው።

«እትዬ፣ ብቻዎን ነዎት?» አለኝ።

በዚህ የሚጀምር ደህና ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ያጠብኩትን ሳህን መልሼ ውሃው ውስጥ አስቀመጥኩት።

«ብቻዬን ነኝ፤ ንገረኝ።»

«እማዬ ሌሊት አረፈች። አሁን ከቀብር መመለሳችን ነው።» አፍንጫውን ጠርጎ ቀጠለ፤ «እትዬ፣ አደራዎን፣ ለአጎቴ እንዳይነግሩት። መሪ ይዟል፣ ደም ብዛትም አለበት። አገሩ ይግባ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ይነግሩታል።»

እኛ ጋ መርዶ በስልክ አይነገርም። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ የሞተበት ሰው ጋ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ ይሄዳሉ፤ በር ያንኳኳሉ፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ ሰው ይዘው ነው የሚሄዱት። እኔስ ካናዳ ውስጥ፣ ጫካ መሃል፣ ማንን ልያዝ? ሁለት ነገር ፈራሁ። ብነግረው ብቻዬን ልይዘው አልችልም። ባልነግረው ደግሞ እህቱ አፈር ውስጥ ሆና እሱ ሲስቅ ሊሰነብት ነው፤ ያወቀ ቀን ምን ይለኛል? ቶሎሳን «እሺ፣ ሆድ ይፍጀው» አልኩት። ሳህኑን አጥቤ ጨረስኩ።

ገመቹ ተመለሰና ተነሳን። ቁም ሳጥን መቆለፍ ማን ያስታውሳል! ሩብ ሰዓት እንኳ ሳንሄድ ኩርባው ላይ ከላይ ያለው በር ተከፍቶ ሲፈን ያስያዘችን የበርበሬ ጠርሙስ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ማሞቂያው ደግሞ ነፋሱን ከታች ወደ ላይ ይነፋል። መኪናው በበርበሬ ተሞላ። ገመቹ እያነጠሰ እያሳለ ዳር ይዞ አቆመ፤ ሁለታችንም በር ከፍተን ዘለልን።

ያኔ አለቀስኩ። ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ ድምፅ አውጥቼ ለእትዬ ጫልቱ አለቀስኩ። ገመቹ ዓይኑን እየጠራረገ ያየኛል፤ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

«አርባ ዓመት ስትደልዢው የኖርሽው በርበሬ ነው እንዲህ የሚያስለቅስሽ?» አለኝ።

«አንተ ብቻ ዝም በል!» አልኩት። የበለጠ ሳቀ።

አንዲት ሴት ሰው የተጎዳ መስሏት መኪናዋን አቁማ እየሮጠች መጣች። እንግሊዝኛ ለሠላሳ ዓመት አስተምሬ «በርበሬ ነው» ብዬ ማስረዳት አቃተኝ። ውሃና እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት ሰጠችን፤ ከጎኔ ተንበርክካ ጀርባዬን ስታሸኝ ቆየች። ለበርበሬ እንዲህ እንደማይለቀስ ያወቀች ይመስለኛል።

ማታ ገመቹ ለእህቱ ልደውል አለ። «እዚያ እኮ ሌሊት ነው፣ ታማለች፣ ትተኛበት» አልኩት። እሱም በድምፅ መልእክት ለቶሎሳ ላከ፤ «ጫልቱ፣ ዛሬ ሚስቴን በበርበሬ አስለቀስኳት፣ ዓሣ ደግሞ ነገ አጠምድልሻለሁ» ምናምን እያለ እየሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ቶሎሳ መለሰ። «እሺ አጎቴ፣ አሰማታለሁ» ይላል። ያ ልጅ እናቱን ቀብሮ፣ በለቀስተኛ መሃል ተቀምጦ ይህን ሲሰማ እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኩትም።

ረቡዕ

ሦስተኛው ማረፊያችን ትልቅ ሐይቅ ዳር ነበር። ከኦጎልቾ በኩል ዝዋይን ያየ ሰው ስፋቱን ሊገምት ይችላል፤ ልዩነቱ ዝዋይ ዳር ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ሰው ይጣራል፤ ይህኛው ዳር ግን ፀጥ ያለ ነው። ያን ቀን ፀጥታውን ጠላሁት። ለቅሶ ቤት ከመሆን ሌላ የሚያምርበት ነገር አልታየኝም።

ጎረቤቶቻችን ሽማግሌዎች ነበሩ። ማርጋሬትና ባሏ ዴቪድ በአንድ ሞተርሆም፣ የማርጋሬት ወንድም ደግሞ አጠገባቸው ድንኳን ተክሎ። ዴቪድም በጉልምስናው እንጨት የሚጭን መኪና ይነዳ ነበርና ከገመቹ ጋር በአንድ ሰዓት ውስጥ የሃያ ዓመት ወዳጅ ሆኑ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም። እጃቸውን እያዞሩ፣ በአፋቸው የሞተር ድምፅ እያሰሙ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያላቸውን ቀን ይተራረካሉ።

ከሰዓት ዴቪድ ታንኳ አምጥቶ ገመቹን ና አለው። የሲሬ ልጅ ከየት አምጥቶ ዋና ያውቃል! «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ» ብዬ ብጮህም ማን ሰምቶኝ? ተንሳፋፊ ጃኬት አልብሰው ወሰዱት። ከውሃው መሃል ድምፁ ይሰማኛል። ይዘፍናል። በወጣትነቱ የስንዴ ጭነት ይዞ ሲነዳ የሚያንጎራጉረውን የኦሮምኛ ዘፈን ነው፤ ጌታን ካገኘ ወዲህ አፉ ላይ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሁለት ዓሣ ይዞ ተመለሰ። «በጥቅምት አንድ አጥንት አሉ፤ እኛ ሁለት አገኘን» እያለ ራሱ ጠበሰው። በላሁ፤ ምን እንደበላሁ አላውቅም።

ዕቃ የማጥብ መስዬ ሄጄ ለሲፈን ደወልኩ። ቶሎሳ ነግሯት ኖሯል።

«እማዬ፣ አሁኑኑ ንገሪው» አለችኝ። «የራሱ እህት ናት። አንቺ ምን መብት አለሽ?»

«ማን አብሮኝ ይነግረዋል? ማን ይዞት ያለቅሳል?»

«አንቺ አለሽ አይደል?»

«ልጄ፣ አንድ ሰው ለቅሶ አይሆንም» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ስዞር ገመቹ ከሩቅ እያየኝ ነበር። «ምን ሆነሽ ነው? ከትናንት ጀምሮ እኮ አንድ ጊዜ አልሰደብሽኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። እንዳይጠረጥር ብዬ ስለ ዓሣው ጨው ተቆጣሁት። ደስ አለው።

ሐሙስ

ሌሊቱን ውርጭ ወረደ። የእኛ የሳጉሬ በኩል ውርጭ ገብስ ያቃጥላል፤ የእነሱ ግን ብረት ያሰነጥቃል። ጎህ ሲቀድ በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ገመቹ ጋቢውን ለብሶ ከፈተ። እኔም ከጀርባው ቆምኩ።

ደጃፉ ላይ ሦስቱም ቆመዋል፤ ማርጋሬት፣ ዴቪድና ወንድሟ። ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ሰው ለመቀስቀስ አፍረው ነው መሰል ማንም ቀድሞ አይናገርም። ማርጋሬት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች። ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል።

ገመቹ ደህና አደራችሁ አላለም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ እኔ ዞረ።

«አስካለ፣ ማን ሞተ?»

ዴቪድ መናገር ጀመረ። የውሃው ቱቦ በብርድ ፈንድቶ ከጎማችን ሥር በረዶ ጋግሯል፤ መኪናው ሳይንሸራተት አሁኑኑ ይታይ ነው የሚለው። ለገመቹ ተረጎምኩለት።

«ቱቦ ፈንድቶ ነው የመጡት። ቱቦ ብቻ ነው።»

«ለቱቦ ሦስት ሽማግሌ በማለዳ ይመጣል?» አለ። ፊቴን አየው። እኔ ምን ፊት ነበረኝ? ሁለት ቀን የደበቅኩት ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፎ ነበር መሰለኝ። «ጫልቱ ናት» አለ። አልጠየቀኝም፤ ለራሱ ነው የተናገረው።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ደረጃው ላይ በጉልበቱ ወደቀ። «ያ ዋቃዮ! አምላኬ! ኦቦሌቲ ኮ! እህቴ! አዝላ ያሳደገችኝ!» ጋቢው ውርጩ ላይ ተዘረጋ። አንድ ሰው ለቅሶ አይሆንም ያልኩት እውነት ነበር፤ ልይዘው ሞክሬ አብሬው ወደቅሁ። «እህቱ ሞተች» አልኩ በእንግሊዝኛ። ያን ጊዜ ብቻ ነው እንግሊዝኛዬ ደግመው ሳይጠይቁኝ የገባቸው።

የሚሆነውን እንጃ ብዬ ነበር። ማርጋሬት መጀመሪያ በእኔ፣ ከዚያ በእሱ አጠገብ ውርጩ ላይ ተንበረከከች። ዴቪድ ከመኪናቸው ወንበር አመጣ፤ ወንድሟም ሌላ አመጣ። ብርድ ልብስ አለበሱት። ከወዲያ ማዶ ያሉ የማናውቃቸው ሰዎች ድምፁን ሰምተው መጡ፤ የራሳቸውን ወንበር እየያዙ። ቡና በቴርሞስ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ዕንቁላል አመጡ። ማንም ብዙ አላወራም። ገመቹ በኦሮምኛ እየጠራት ሲያለቅስ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ወጋችንን ማንም አልነገራቸውም፤ እስከ እኩለ ቀን ግን እንደ ሲሬ ሰው ተቀምጠውልን ዋሉ። ዴቪድ ቱቦውን መቼ እንደጠገነው አላየሁም።

ሲሄዱ ገመቹ ጠየቀኝ።

«መቼ ሰማሽ?»

«ማክሰኞ ጠዋት።»

ውሃውን ሲያይ ቆየ። «ትናንት ዘፈንኩ» አለ። «ማክሰኞ ማታ አነጋገርኳት። ለቶሎሳ ነው የሳቅኩለት?» ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አስተካከልኩለት። «የእህቴ አፈር ሳይደርቅ ዓሣ አበላሽኝ፣ አስካለ» አለኝና ገብቶ ተኛ። ዓሣውን የጠበሰው ራሱ ነበር፤ ግን ይህ የሚነገርበት ቀን አልነበረም።

ዓርብ

ተመለስን። እኔ መንዳት አልችልም፤ ዴቪድ ልንዳላችሁ ብሎ ነበር፤ ገመቹ እምቢ አለ። ማርጋሬት የመኪናችንን ቁም ሳጥኖች ሁሉ ራሷ ቆልፋ አቀፈችኝ። አራት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በአርባ ዓመት ውስጥ ተኳርፈን እናውቃለን፤ ይህ ግን ኩርፊያ አልነበረም። ከአጠገቤ ተቀምጦ ሩቅ ነበር። አንዴ ብቻ ውሃ ስሰጠው ተቀበለኝ። ሲፈን ደጃፍ ላይ እያለቀሰች ጠበቀችን። አባቷን አቅፋ፣ በትከሻው ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። የነገርኩሽን አልሰማሽም የሚል ዓይን ነው፤ ልክ ናት።

በሚቀጥለው ሳምንት አሰላ ገባን። ቶሎሳ፣ ገመቹ ማወቁን ለሁሉም አልነገረም ነበርና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። ገመቹ «ሰምቻለሁ» ብሎ አላሳፈራቸውም። ቁጭ ብሎ እንደ አዲስ ተረዳ፤ እንደ አዲስ አለቀሰ። አራት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘውት ሳይ፣ እኔ ይህን ነበር የፈለግኩለት ብዬ ከጓዳ ሆኜ አለቀስኩ። ከዚያ ሲሬ ወርደን መቃብሯ ላይ ዘመርንላት።

ለቀስተኛው ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ጭላሎ በደመና ተሸፍኗል። ገመቹ ጠየቀኝ።

«ረቡዕ ታንኳ ላይ ስዘፍን፣ ዳር ቆመሽ ምን ታስቢ ነበር?»

ልዋሽ ፈልጌ ነበር፤ ሰለቸኝ። «ትንሽ ይዝፈን፣ ትንሽ ይቆይ እል ነበር» አልኩት። «ነገ እንደማይዘፍን አውቅ ስለነበር።»

ቆይቶ እጄን ያዘኝ፤ ከዚያች ሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«አይደገምም» አለኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የማንም ይሁን፣ የትም እንሁን፣ የሰማሽ ዕለት ትነግሪኛለሽ። እኔም እነግርሻለሁ። ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ፣ ቃሌ ነው» አልኩት።

ገመቹ ፊደል ሲያነብ መነጽር ስለሚያስቸግረው የምጽፈውን አያነብም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። ቃል የገባሁት እጄን እንዳይለቀኝ ብዬ ነው። ነገ ሌላ መርዶ በስልክ ቢመጣ፣ እሱ ደግሞ ያን ሰዓት እየሳቀ ቢሆን፣ አሁንም አልነግረውም።